ስለሚጥል በሽታ፤ አነሣሡንም ለይቶ ስለ ማወቅ

1. ስሙ ሕመሙን ሁሉ እንደማይገልጽ

የሚጥል በሽታ በደጋም በቆላም የታወቀ ደዌ ነው። ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው፤ የቆመውን ሰው ሳያስበው ከመሬት ይጥለዋልና። ነገር ግን ይህ ስም ከሕመሙ አንዱን ወገን ብቻ ያስታውቃል እንጂ ሁሉን አያስታውቅም። ከዚሁ ሕመም ሰውን ከቶ የማይጥል አለ። የተቀመጠውን ልጅ ከተቀመጠበት ሳያነቃንቅ ለጥቂት ሴኮንድ ልቡን ብቻ የሚሰውር አለ፤ አንድ እጅ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ አለ፤ በማለዳ ሲኒ ከእጅ የሚያስጥል አለ። ሰው ግን ስሙን ብቻ ተከትሎ የወደቀውንና አረፋ የደፈቀውን ሕመምተኛ ይለዋል፤ ያልወደቀውን ግን ሰነፍ፥ ዝንጉ፥ ወይም ልክፍት ያለበት እያለ ይገሥጸዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ይመታዋል። ሳያጠፋ የሚቀጣ ልጅ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንደኛ በሕመሙ፥ ሁለተኛም በቅጣቱ።

ስለዚህ አስተማሪና የአገር ሽማግሌ የሕመሙን አነሣሥ ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል። ይህ ማለት የሐኪሙን ሥራ ይሥሩ ማለት አይደለም። ሕመሙ ሲነሣ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው አይገኝም፤ ሕመምተኛውም ብዙ ጊዜ የሆነውን አያስታውስም። ልጁ ከጤና ጣቢያ ሲደርስ ደኅና ሆኖ ይቆማል፤ ሰውነቱን ቢመረምሩትም ምንም ላይገኝበት ይችላል። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ የሚፈርደው በምስክር ቃል ነው። ምስክሩ መልካም አድርጎ ያየ እንደ ሆነ ፍርዱ ይቀናል፤ ፈርቶ የሸሸ ወይም ፊቱን ያዞረ እንደ ሆነ ግን ፍርዱ ሊስት ይችላል።

2. የሕመሙ ሥር በአንጎል ውስጥ ስለ መሆኑ

የሰው አንጎል እጅግ ብዙ ከሆኑ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። እነዚህም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚላላኩት በጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በቅኔ ማሕሌት መዘምራን በቀኝና በግራ ቆመው ተራቸውን እየጠበቁ ሲቀባበሉ ዜማው ያምራል፤ ሁሉም ተራቸውን ትተው ባንድ ጊዜ ቢጮኹ ግን ዜማው ጠፍቶ ሁካታ ይሆናል። የሚጥል በሽታ ሲነሣ በአንጎል ውስጥ የሚሆነውም ይህን ይመስላል። ሁካታው ባንድ ስፍራ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ ያ ስፍራ የሚያዝዘው ብልት ብቻ ይታወካል፤ በመላው አንጎል የሆነ እንደ ሆነ ግን ልብ ይሰወራል፥ ሰውነትም ሁሉ ይናወጣል።

ይህ ነገር ዛሬ የተገኘ አሳብ አይደለም። ከዛሬ 2400 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክ አገር በሂፖክራቲስ ስም የሚጠራ «ስለ ቅዱሱ ደዌ» የተባለ መጽሐፍ ተጽፎ ነበር። ጸሐፊውም ይህ ደዌ ከሌሎች ደዌዎች የተለየ እንዳይደለ፥ ሥሩም በአንጎል ውስጥ እንደ ሆነ አስረድቷል። በኋላም በ19ኛው መቶ ዓመት ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም፥ መንቀጥቀጡ በየትኛው ብልት እንደሚጀምር ተመልክቶ፥ ሕመሙ ከአንጎል በየትኛው ስፍራ እንደሚነሣ ለማወቅ እንደሚቻል አሳየ። ሃንስ ቤርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመሣሪያ ቀርጾ፥ በ1929 ዓ.ም. ሥራውን አሳተመ። ይህ ዓይነት መሣሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በታላላቅ ሆስፒታሎች ይሠራበታል።

የሕመሙ ምክንያት ብዙ ነው። በወሊድ ጊዜ አየር አጥሮት የተጎዳ አንጎል፥ ራስን የመታ አደጋ፥ የማጅራት ገትር፥ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፥ በአንጎል ውስጥ የሚበቅል ዕጢ፥ የደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ ሊያመጡት ይችላሉ። ከዘር የሚወረስም አለ። ከብዙዎች ሕመምተኞች ላይ ግን ምክንያቱ ተፈልጎ አይገኝም። በለሐጭ፥ በትንፋሽ፥ በመንካት፥ አብሮ በመብላት ከቶ አይተላለፍም። «ይጋባል» የሚለው ፍርሃት ከሕመሙ ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ ከእሳት ላይ የወደቀውን ሰው የሚያነሣው ጠፍቶ የሚቃጠለው በዚህ ፍርሃት ነውና።

አንድ ጊዜ ብቻ የተነሣበት ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት አይባልም። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚባለው፥ እንደ ትኩሳት ያለ የሚታወቅ ቀስቃሽ ሳይኖር፥ ከ24 ሰዓት በላይ በሆነ ልዩነት ሁለት ጊዜ የተነሣበት እንደ ሆነ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜም ቢሆን የተነሣበት ሰው ለሐኪም መታየት ይገባዋል።

3. ከአንድ ስፍራ ስለሚጀምረው

የዚህ ሕመም ሊቃውንት ዓለም አቀፍ ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ተቋቋመ። ይህም ማኅበር በ2017 ዓ.ም. ባወጣው፥ በ2025 ዓ.ም.ም ባሻሻለው ሥርዓት፥ የሕመሙ አነሣሥ በተለይ በሁለት ታላላቅ ወገን ይከፈላል፤ ከአንጎል ከአንድ ስፍራ የሚጀምርና ከአንጎል ከሁለቱም ወገን ባንድ ጊዜ የሚጀምር ነው። አጀማመሩ ያልታወቀውንም ሐኪሞች ለብቻው ይጽፉታል። ከአንድ ስፍራ የሚጀምረው በሦስት መልክ ይታያል።

ሀ. ልብ ሳይሰወር የሚነሣ። ሕመምተኛው ይሰማል፥ ያያል፥ በኋላም የሆነውን ያስታውሳል። አንድ አውራ ጣት መንቀጥቀጥ ይጀምርና ወደ ክንድ፥ ከዚያም ወደ ፊት ይወጣል። አንዳንዱ ሌላ ሰው የማያሸተው መጥፎ ሽታ ይሸተዋል፤ አንዳንዱ ከሆዱ ወደ ጉሮሮው የሚወጣ ነገር ይሰማዋል፤ አንዳንዱን ያለ ምክንያት ብርቱ ፍርሃት ይይዘዋል። ልጅ እንዲህ ያለውን ሲናገር ውሸታም ይባላል፤ ነገር ግን ሁል ጊዜ ባንድ ዓይነት እየተመላለሰ የሚመጣበት እንደ ሆነ ቃሉን ሊያምኑት ይገባል።

ለ. ልብን ሰውሮ የሚነሣ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ሰውን ያሳስታል። ሕመምተኛው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ይፈዝዛል፤ ሲጠሩት አይመልስም፤ የሚበላው ሳይኖር ከንፈሩን ያጣጥማል፥ ያላምጣል፤ የነጠላውን ጫፍ ይጎነትላል፤ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ይህም ብዙ ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ሲለቀውም ወዲያው አይነቃም፤ ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ባላገር ይህን አይቶ «ለከፈው» ይላል። እንዲህ የሆነውን ሰው አጥብቀው ቢይዙት ሳያውቅ ሊታገል ይችላል፤ ስለዚህ ከእሳትና ከገደል በቀስታ መልሶ እስኪነቃ አብሮት መቆየት ነው።

ሐ. ከአንድ ስፍራ ጀምሮ ወደ መላው የሚዛመት። አስቀድሞ አንድ እጅ ይንቀጠቀጣል ወይም ራስ ወደ አንድ ወገን ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ልብ ይሰወርና መላው ሰውነት ይናወጣል። መጀመሪያው እጅግ አጭር ስለ ሆነ ብዙ ሰው አያየውም። ለሐኪሙ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ስለዚህ «ወደቀ» ከማለት በፊት «ከመውደቁ በፊት ምን አደረገ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

4. ከሁለቱም ወገን ባንድ ጊዜ ስለሚጀምረው

ሀ. ጥሎ የሚያንቀጠቅጥ። ሁሉ የሚያውቀው ይህ ነው። አንዳንድ ጊዜ በጩኸት ይጀምራል። ጩኸቱም የሕመም ስሜት አይደለም፤ የደረት ሥጋ በድንገት ሲጨመደድ ትንፋሽን ገፍቶ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ሰውነት እንደ እንጨት ይገተራል፥ ሕመምተኛው ይወድቃል፥ ከንፈሩም ይጠቁራል። ከዚያም እጅና እግር በኃይል ይንቀጠቀጣሉ፤ አረፋ ይወጣል፤ ምላስ ሊነከስ፥ ሽንትም ሊያመልጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይቆይና በራሱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ይተኛል፤ ሲነቃም ራሱን ያመዋል፥ ሰውነቱም ይዝላል። በዚያን ቀን ትምህርት ቢያቅተው ስንፍና አይደለም።

ለ. ለጥቂት ሴኮንድ ልብን የሚሰውር። ይህ የልጆች ሕመም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ልጁ አይወድቅም፥ አይንቀጠቀጥም። ሲያነብ በቃሉ መካከል ዝም ይላል፤ ዓይኑ ይፈዝዛል፤ ሽፋሽፍቱ ጥቂት ይርገበገባል፤ ከ20 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ወይም መሥመር ዘልሎ ያነባል። ሲጽፍ የሆነበት እንደ ሆነ ፊደሉ ይቋረጣል፥ እርሳሱም ያለ ፈቃዱ ይንሸራተታል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሊመላለስ ስለሚችል ልጁ ከትምህርቱ ብዙ ያመልጠዋል። አስተማሪው ግን «ልቡ ከሜዳ ነው» ይለዋል።

አሳቡ የሸሸውን ተማሪ ከዚህ ሕመምተኛ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። አሳቡ የሸሸው ልጅ ስሙን ሲጠሩት ወይም ትከሻውን ሲነኩት ወዲያው ይመለሳል። ልቡ የተሰወረው ግን ቢጠሩትም ቢነኩትም ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ አይመለስም። አሳቡ የሸሸው ልጅ ይህ የሚሆንበት በተሰለቸ ጊዜ ነው፤ ልቡ የተሰወረው ግን ሲጫወትም፥ ሲበላም፥ ሲናገርም ይሆንበታል።

ሐ. በድንገት የሚያስበረግግ። ክንድና ትከሻ እንደ ደነገጠ ሰው ባንድ አፍታ ብድግ ይላሉ፥ ወዲያውም ያቆማሉ። ለአካለ መጠን በሚደርሱ ወጣቶች ላይ ይበዛል፤ ይልቁንም በማለዳ ከእንቅልፍ እንደ ተነሡ፥ ሌሊቱንም ሳይተኙ ባደሩ ጊዜ ይታያል። ሲኒ ወይም ጀበና ከእጇ እየወደቀ የሚሰበርባት ልጃገረድ «እጀ ሰባራ» ተብላ ትሰደባለች። ሰባሪዋ ግን እርሷ አይደለችም። እንቅልፍ ሲይዝ ለሁሉም ሰው የሚመጣው መበርገግ ግን ሕመም አይደለም።

መ. ጉልበትን የሚከዳና ሰውነትን የሚያገትር። የመጀመሪያው የሰውነትን ጥንካሬ ባንድ ጊዜ ይነሣል፤ ልጁ እንደ ባዶ ስልቻ ይወድቃል፤ ወይም ራሱ ብቻ ወደ ደረቱ ይደፋል። ሁለተኛው ሰውነትን እንደ ግንድ አድርቆ ይጥላል። ሁለቱም አጭር ናቸው፤ ነገር ግን እጅ ለመከላከል ስለማይቀድም ግንባርና ጥርስ ይሰበራል። በግንባሩ ላይ ጠባሳ የተደራረበበትን ልጅ ሲያዩ ይህን ማሰብ ይገባል።

ሠ. በአራሶች ላይ የሚታይ። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን፥ ይልቁንም ከእንቅልፍ ሲነቃ፥ ራሱንና ክንዶቹን ደጋግሞ ወደ ፊት የሚሰበስብ እንደ ሆነ፥ ይህም በተከታታይ የሚመላለስ እንደ ሆነ፥ ቁርጠት ነው ብሎ መተው አይገባም። ይህ ዓይነት፥ ጅምሩ ከአንድ ስፍራም ሆነ ከሁለቱም ወገን፥ የሕፃኑን የአእምሮ ዕድገት ስለሚጎዳ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ሊወስዱት ይገባል።

5. ስለሚመሳሰሉት ሌሎች ሕመሞች

የወደቀ ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም። በጾም ወይም በሙቀት ብዙ ሰዓት ቆሞ፥ ወይም ደም አይቶ ራሱን የሚስት ሰው አለ። ይህ ሰው አስቀድሞ ዓይኑ ይጨልምበታል፥ ያልበዋል፥ ፊቱም ይገረጣል፤ ከወደቀ በኋላ ጥቂት ቢንቀጠቀጥም፥ ጋደም ሲል ፈጥኖ ይነቃል፥ ልቡም ይመለሳል።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን በብርቱ ትኩሳት ምክንያት ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በኋላ የሚጥል በሽታ አይዛቸውም። ነገር ግን ትኩሳቱ የወባ ወይም የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ግድ ነው።

ዳግመኛም ከብርቱ ኀዘንና ጭንቀት የተነሣ የሚመጣ፥ ይህን ሕመም የሚመስል መንቀጥቀጥ አለ። ብዙ ጊዜ ዓይን አጥብቆ ይከደናል፥ ራስ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፥ ጊዜውም ይረዝማል። ይህም ማስመሰል አይደለም፤ ሕመምተኛው እንደ ሌላው ሁሉ ርኅራኄና ሐኪም ያሻዋል።

6. በአጠገቡ ያለ ሰው ሊያደርገው የሚገባው

ጥሎ የሚያንቀጠቅጠው ሲነሣ፥ መጀመሪያ ሕመምተኛውን ከእሳት፥ ከውኃና ከገደል ማራቅ ይገባል። ቀጥሎም ድንጋዩንና ወንበሩን ከአጠገቡ አንሥቶ፥ ጋቢ ወይም ነጠላ አጥፎ ከራሱ በታች ማድረግ፥ በአንገቱ ላይ የጠበቀውንም ማላላት ነው። መንቀጥቀጡ ሲቆም አረፋው ወደ ውጭ እንዲፈስስ በጎኑ ማስተኛት፥ እስኪነቃም አብሮት መቆየት ይገባል። የተሰበሰበውን ሰው መበተንና ልብሱን ማልበስም ክብሩን መጠበቅ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚነገሩት ደግሞ ከቶ አይደረጉም። በጥርሱ መካከል ማንኪያ፥ እንጨት ወይም ጣት አይገባም፤ ጥርስ ይሰብራል እንጂ አይጠቅምም፤ ምላስም አይዋጥም። እጅና እግሩን በኃይል አይዙትም። ክብሪት እየጫሩ ጢሱን አያሸቱትም፤ ሕመሙ የሚቆመው በጢሱ ሳይሆን በጊዜው ነው። ፈጽሞ ሳይነቃም ውኃ ወይም መድኃኒት በአፉ አይሰጡትም፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላልና።

ጊዜውን መቍጠርም ያስፈልጋል። ሰዓት የሌለው ሰው በቀስታ ከ1 እስከ 60 ቢቈጥር አንድ ደቂቃ ያህል ይሆናል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ያለፈ እንደ ሆነ፥ ወይም ሳይነቃ ደግሞ የተነሣበት እንደ ሆነ፥ ወይም በውኃ ውስጥ የሆነበት፥ እርጉዝ የሆነች፥ ብርቱ ቍስል ያገኘው፥ መተንፈስ ያቃተው እንደ ሆነ፥ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

7. ለሐኪም ስለሚነገረው ቃል

«ወደቀ፥ ተንቀጠቀጠ» ብሎ መናገር ለሐኪሙ ጥቂት ነገር ብቻ ያስረዳል። መልካም ምስክርነት ግን የሚከተለውን ይመስላል። «ማክሰኞ ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ፥ ሲጽፍ ሳለ ሆዱን ያዘ። ቀጥሎም ራሱ ወደ ግራ ዞረ፥ የግራ እጁም ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ወደቀ፥ መላ ሰውነቱም ተናወጠ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። ሲነቃ የግራ እጁ ሰንፎ ነበር፤ የሆነውንም አላስታወሰም። ባለፈው ወርም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ሆኖበታል። ሌሊቱን በለቅሶ ቤት ሳይተኛ አድሮ ነበር።» በዚህ ቃል ውስጥ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ አጀማመሩ፥ ወገኑ፥ ርዝመቱ፥ ፍጻሜውና ቀስቃሹ ሁሉ ይገኛሉ። አስተማሪ ይህን በደብተር ጽፎ ለወላጆቹ ቢሰጥ ለልጁ ታላቅ ነገር አደረገለት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በከንቱ አይደለም። ለአንዱ ዓይነት የሚስማማው መድኃኒት ሌላውን ሊያብስ ይችላልና። ለምሳሌ ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት ከአንድ ስፍራ ለሚጀምረው መልካም ሲሆን፥ ልብን ለጥቂት ሴኮንድ የሚሰውረውንና የሚያስበረግገውን ሊያበዛው ይችላል። ስለዚህ የተሳሳተ ምስክርነት የተሳሳተ መድኃኒት ሊያመጣ ይችላል።

8. ስለ መድኃኒቱና ስለ ልጁ ኑሮ

ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ ሕመም ይሰጣል፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ብዙ ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ ሕመሙ በአግባቡ ከታወቀና መድኃኒቱ ከተወሰደ፥ ከ100 ሕመምተኞች እስከ 70 የሚደርሱት ሳይነሣባቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚወሰደው በየቀኑ ነው እንጂ በተነሣ ጊዜ ብቻ አይደለም። «ዳንሁ» ብሎ በድንገት የሚያቆም ሰው ከበፊቱ የባሰ ሊነሣበት ይችላል። ወደ ጸበል የሚሄድም ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ጸሎት መድኃኒትን አይከለክልም። በጸበሉ ስፍራም ብቻውን ወደ ጥልቅ ውኃ አይግባ።

እንቅልፍ ማጣት፥ አረቄና ሌላ የሚያሰክር መጠጥ፥ መድኃኒት መዝለል ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። ሕመሙ ያለባት ሴት በምድጃ አጠገብ ብቻዋን ባትሆን፥ ምድጃውም ከፍ ብሎ ቢሠራ መልካም ነው። ልጅም ወደ ወንዝ ብቻውን አይላክ፥ ከዛፍ ላይም አይውጣ። ከዚህ በቀር ግን ከጨዋታና ከትምህርት አይከልክሉት።

በቡታጅራ አካባቢ ባለ ገጠር ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው 60,820 ሕዝብ ባለበት ስፍራ ባደረጉት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ፥ 316 ሕመምተኞች ተገኝተዋል። ይህም ከ1000 ሰው 5 ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት ሁሉ ይህ ሕመም ያለበት ልጅ እንደሚኖርበት ሊያስብ ይገባዋል። አንዱ በሁሉ ፊት ወድቆ ታውቋል፤ ሌላው ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በየቀኑ ልቡ እየተሰወረ፥ ስለ ስንፍናው እየተገሠጸ ይኖር ይሆናል። የወደቀውን ማንሣት የሁሉ ግዴታ ነው፤ ሳይወድቅ የታመመውን ለይቶ ማወቅ ግን ከአስተማሪና ከአስተዋይ ሽማግሌ ይጠበቃል።